የማማ ከቢራ መስኮት

የሆቴል እንግዳ የታሪክን መጀመሪያ ረስቶ አይሄድም። በስድስት ዓመት የክፍል ጽዳት ሥራ ያረጋገጥኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው። የሚረሳው ሦስተኛውን ክፍል ነው፤ ሲብስም ሰባተኛውን። የምሠራው አረብ አገር፣ አል ጋርሁድ፣ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል ነው። እንግዳ ጥሎት የሄደ ዕቃ ተመዝግቦ መጋዘን ይገባል፤ በሦስት ወር ውስጥ ጠያቂ ካልመጣ ላገኘችው ሠራተኛ የመውጫ ወረቀት ተጽፎ ይሰጣታል። ባልደረቦቼ ሽቶ ይደርሳቸዋል፣ ቻርጀር ይደርሳቸዋል፣ የፀሐይ መነጽር ይደርሳቸዋል። ለእኔ የሚደርሰኝ ኮሚክ ነው። አጅማን ባለው አልጋዬ እግርጌ፣ በካርቶን ውስጥ፣ አሥራ አንድ የሥዕል መጽሐፍ አለኝ። አንዱም መጀመሪያ የለውም።

የሚያናድዱኝ እንግዶቹ ብቻ አይደሉም። ደራሲዎቹም ናቸው። ሦስተኛውን ክፍል ብቻ አንስታ የምታነብ ሴት ትኖራለች ብለው አንድም ቀን አስበው አያውቁም። ካባ የለበሰው ሰውዬ ወንድሙን ለምን እንደሚጠላ፣ ዓይኑ ለምን በጨርቅ እንደታሰረ፣ ያቺ ቀይ ፀጉር ያላት ሴት ሚስቱ ትሁን ጠላቱ የሚናገር የለም። የኛ ሰው ሐሜት እንኳ ሲጀምር «ያቺ የእገሌ እህት፣ እነ እገሌ ሰፈር የነበረችው» ብሎ ያስተዋውቃል። እኛ ለሐሜት ያልነፈግነውን ወግ እነሱ ለመጽሐፍ ነፈጉት።

ማየት የጀመርኩት ሻርጃ፣ መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ቤት ነው። የቤቱ ልጆች በአረብኛ የሚታተም የሥዕል መጽሔት ነበራቸው። ፊደሉን አላውቀውም፤ ሥዕሉን ግን ልብስ ስተኩስ ሰረቅ እያደረግኩ አየዋለሁ። ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚሄድ ሥዕሉ ራሱ አስተማረኝ፤ በቀኝ ልጁ ኳሱን ይመታል፣ በግራ መስታወቱ ይሰበራል። በኋላ ሆቴል ገብቼ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ኮሚክ ሳገኝ ታዲያ እሱንም ከቀኝ ጀመርኩት። ከመጨረሻው ገጽ ማለት ነው። ጀግናው ሞቶ ተጋድሟል። ገለጥ ሳደርግ ተነሣ። ቀጥሎ ተደበደበ፣ ቀጥሎ አገር ምድሩ አሳደደው፣ በመጨረሻ ቤቱ ገብቶ ከእናቱ ጋር ቁርስ በላ። ትንሣኤ ያለበት መጽሐፍ አገኘሁ ብዬ ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳወራ ከረምኩ። ስህተቴ ሲገባኝ አፈርኩ፤ ቢሆንም ከደራሲው አካሄድ የእኔ ይሻላል እላለሁ።

በነዚያ መጻሕፍት እንግሊዝኛ ተማርኩ። ያስተማረኝ ሥዕሉ ነው። ከኮሚክ የተማሩት እንግሊዝኛ ግን ጩኸትና ፍንዳታ ይበዛበታል። ሰላምታ ከማወቄ በፊት «ተጠንቀቅ፣ ከኋላህ ነው!» ማለት አውቅ ነበር።

ጀግኖቹን አልወዳቸውም። ገጽ አርባ ላይ ሕንፃ ይንዳሉ፤ የመስኮት መስታወት እንደ በረዶ መንገዱን ይሞላዋል። ገጽ አርባ አንድ ላይ መንገዱ ንጹሕ ነው። ማን ጠረገው? አሥራ አንዱንም መጽሐፍ ገጽ በገጽ አይቻለሁ፤ መጥረጊያ የያዘ አንድ ሰው አልተሣለም። ካባው በደም ይነከራል፣ በማግስቱ ተተኩሶ ይወጣል። የደም እድፍ በምን እንደሚለቅ ለእኔ ንገሩኝ! አንሶላ በቀዝቃዛ ውኃ ስዘፈዝፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። ዓይናቸው ሳህን የሚያክል ልጃገረዶች ያሉበትም አለኝ። ልጁ ሰላም ሳይላት አለፈ ብላ አሥራ ሁለት ገጽ ታለቅሳለች። በመሐል ምሳ ትበላለች፤ ሳህኑን የሚያነሣላት ሰው አይታይም፤ ሳህኑ ግን ይነሣል። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ወርውሬው አውቃለሁ።

አንዱ ወፍራም ነው፤ ሽፋኑ ላይ ሽልማት ማግኘቱን የሚናገር ወርቃማ ክብ ተለጥፎበታል። አባቱ የሞተበት ሰው ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ሁለት መቶ ገጽ! ተነሥ፣ ሥራ ፈት፣ ቢያንስ ሳህኑን እጠብ እያልኩ ነው ያነበብኩት። ኋላ ላይ ግን አንድ ገጽ አለ፤ የሳህን ማጠቢያው ብቻ ነው የተሣለው። ያልታጠበ ብርጭቆ፣ የደረቀ ሩዝ የተጣበቀበት ማንኪያ፣ ጫፉ የተቆረጠ ስፖንጅ። ይህን የሣለው ሰው ሳህን ማጠቢያ ፊት ቆሞ ያውቃል አልኩ። ያን ገጽ ደጋግሜ አየሁት። ለካ ከፈለጉ ማየት ይችላሉ። ያመንኩት ያን ቀን ነው፤ ጥፋቴም የጀመረው ከዚያ እምነት ነው።

ከእኔ አልጋ በታች ባለው አልጋ የምትተኛ የእምነት እህት አለች። ቢድ ስፔሱን፣ በአልጋ የሚከራየውን ክፍል፣ ስንካፈል አምስተኛ ዓመታችን ነው፤ አጥቢያችንም አንድ ነው። አሁን በጽዳት ድርጅት ተቀጥራ ቢሮ ታጸዳለች። ከዚያ በፊት ሻርጃ ሰው ቤት ነበረች፤ ዋና ሥራዋ የአሠሪዋን የማዳምን እናት መጦር ነበር። አሮጊቷን እንደ ቤቱ ሰው ሁሉ ማማ ከቢራ ትላታለች፤ ትልቋ እናት ማለት ነው። ማማ ከቢራ መራመድ አትችልም፤ ከእህቴ እጅ በቀር ከማንም እጅ አትጎርስም ነበር።

የእህቴ ውል አለቀ። ማዳም አለቀቀቻትም። ለእናቷ ሌላ ሰው አይሆናትም፤ እውነቷን ነው። «ይህን ረመዳን ብቻ»፣ «ይህን ክረምት ብቻ» እያለች ዓመት አስቆጠረች። ፓስፖርቱ ማዳም ጋ ነው። እህቴ አልጮኸችም፣ ፖሊስ አልጠራችም። የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያዘች። የኛ ሰው መላ ሲጠፋው የሚያደርገውን አደረገች፤ ለማንም ሳትናገር። ምግቡን ትሠራለች፣ ታቀርባለች፣ ማማ ከቢራን ታጎርሳለች፣ እሷ ግን አትቀምስም። በሁለተኛው ቀን ማማ ከቢራ አለመብላቷን አየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አፏን ገጥማ «አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም» አለች። ስኳር ያለባት አሮጊት! ማዳም ለመነች፣ አለቀሰች፣ ተቆጣች። ማማ ከቢራ እንደ ሕፃን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ኸላስ፣ በቃ፣ የልጅቷን ወረቀት ስጫት፤ ከዚያ እበላለሁ» አለቻት። ከሰዓት በፊት ፓስፖርቱ መጣ። ሁለቱም ከአንድ ሳህን በሉ። እህቴ ሻንጣዋን ይዛ በዋናው በር ወጣች፤ ማማ ከቢራ በተሽከርካሪ ወንበሯ እስከ በሩ ሸኘቻት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሻርጃ ትሄዳለች። የማማ ከቢራን ፀጉር ታጥባለች፣ ጥፍሯን ትቆርጣለች፣ አጉርሳት ትመለሳለች። ደመወዝ የለውም። ዘመድ ጥየቃ ነው።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባሁት አል ማምዛር ባሕር ዳር ነው። በዕረፍቴ ቀን መናፈሻው ውስጥ ቁጭ ብዬ አንዱን ሦስተኛ ክፍል ሳነብ አንዲት ሴት ቀረበችኝ። ፀጉሯ አጭር፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። ኮሚክ የምታነብ የጽዳት ሠራተኛ አግኝታ አታውቅም መሰለኝ ዓይኗ በራ። ሠዓሊ ነኝ፣ ሰው ቤት ስለሚሠሩ ሴቶች ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ እየሠራሁ ነው አለች። መጥረጊያውን የሚሥል ሰው በመጨረሻ መጣ አልኩ በልቤ። ደስታዬን ልደብቀው አልቻልኩም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ አዳራሻችን ይዣት ሄድኩ። የኪራይ አዳራሽ ነው፤ ከኛ በፊት ሌሎች ያመልኩበታል፣ ከኛ በኋላም ሌሎች ይጠብቃሉ፤ ምስክርነት ግን አናሳጥርም። እህቴ ያን ቀን ማይክ ያዘች። ምስክርነት ደግሞ እንደ ወሬ አይደለም፤ አንዲት ነገር ከሸሸግሽ የጌታን ክብር ሰረቅሽ ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም ተናገረች። ሰማያዊውን የብረት በር፣ በሩ አጠገብ ያለውን የበቀቀን ጎጆ፣ አንዱ ጎማው በቢጫ ፕላስተር የተጠቀለለውን ተሽከርካሪ ወንበር፣ ሦስቱን ቀን፣ የማማ ከቢራን ግድግዳ። ሰው ሁሉ «አሜን» ይላል። ጉባኤው ሲሰማ ማንም ቤቱን ፍለጋ አይሄድም፤ ለእግዚአብሔር የተነገረ ነገር ነውና። የውጭ ሰው በመካከላችን ተቀምጦ እንደሚጽፍ ያሰበ አልነበረም። እኔ ከሠዓሊዋ ጎን ተቀምጬ በጆሮዋ እየተረጎምኩላት ነበር።

በኋላም መናፈሻው ውስጥ ሁለት ጊዜ ተገናኘን። እህቴ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ ሠዓሊዋ ትነድፋለች። «ፊቷን እለውጠዋለሁ፣ ስም አልጽፍም» አለችን። ቃሏን ጠበቀች፤ ስም የለም፣ ፊቱም ሌላ ነው። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተወችው።

ዓመት ከምናምን አለፈ። አንድ እሁድ እህቴ ከወትሮው ቀድማ ተመለሰች። ለማማ ከቢራ የገዛችው ቴምር እንደታሰረ ነው። አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች።

«አላስገቡኝም» አለች።

«ማን?»

«ማዳም። በሩን እንኳ አልከፈተችም። በኢንተርኮሙ ‹እናቴን ጭራቅ አድርገሽ ሸጥሻት፣ ሂጂ ወደ መጽሐፍሽ› አለችኝ። አንቺዬ፣ የምን መጽሐፍ ነው?»

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ በሜትሮ አንድ የመጻሕፍት መደብር ሄድኩ። ፊት ለፊት ተደርድሯል። ቆሜ አነበብኩት። ጥራዙ ወፍራም፣ ወረቀቱ ውድ፣ ሽፋኑ ላይ ወገቧ የጎበጠ ጥቁር ልጅ። ሰማያዊው በር አለ። የበቀቀኑ ጎጆ አለ። ቢጫው ፕላስተር እንኳ አልቀረም፤ እሱን ያየ የቤቱ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ የማዳም ልጅ መጽሐፉን ያገኘችው ዩኒቨርሲቲ ነው አሉ። በወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ግን ማማ ከቢራ አይደለችም። ዱላ የያዘች፣ ጥርሷ የሾለ አሮጊት ናት። ልጅቷን ምግብ የምትከለክላት እሷ ናት! ጾሙ የለም። ጸሎቱ የለም። ከአንድ ሳህን መብላቱ የለም። በመጨረሻ ልጅቷ እያለቀሰች አንሶላ ቀጣጥላ በመስኮት ትወርዳለች፤ ታች አንዲት መነጽር ያደረገች ደግ ሴት እጇን ዘርግታ ትቀበላታለች። እንባው እንደነዚያ ባለ ሳህን ዓይኖች ልጃገረዶች ነው፤ ገጽ ሙሉ።

ምን ያህል እንደተናደድኩ ልናገር። ስለ እኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ፊት ብቻ ነው ያለው ለእኛ፤ የሚያለቅስ ፊት። ስንቀልድ አልሰማንም፣ ስንገግም አላየንም። እህቴ እኮ ማዳምን ያለ ዱላ፣ ያለ ጩኸት፣ በባዶ ሆዷ አሸንፋ የወጣች ሴት ናት። ካባ ከለበሱት ሁሉ የሚበልጠውን ጀግና ለሠዓሊዋ እጇ ላይ አስቀመጥንላት፤ እሷ ግን በአንሶላ አንጠልጥላ ጣለችብን። ሻጩ «ትገዢዋለሽ?» ሲለኝ ያለጥፋቱ ጮኽኩበት። ገዛሁት ግን። ለማስረጃ።

ማታ ለእህቴ ገጽ በገጽ አሳየኋት። መስኮቱ ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ጠፋ።

«መስኮት? የምን መስኮት? ቤቱ እኮ ሁሉም መስኮት ፍርግርግ ብረት አለው። ድመት አያሳልፍም። እንዲህ ብዬ መች ተናገርኩ?»

«ውሸታም ናት» አልኳት። «ሁሉንም ከሆዷ ነው ያወጣችው። ዋላሂ፣ አልተዋትም።»

«ማማ ከቢራ አይታዋለች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እሁዱ መጣ፣ ሄዳ ተመለሰች። የሚቀጥለውም እንዲሁ። በሦስተኛው እሁድ የጎረቤት ሠራተኛ አግኝታት ማማ ከቢራ እንደታመመች፣ ከማንም እጅ አልጎርስ እንዳለች ነገረቻት። እህቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ጾም ትሁን ሐዘን አልጠየቅኳትም።

ሠዓሊዋ ሻርጃ ውስጥ በአንድ የመጻሕፍት ትርኢት ላይ ፊርማ እንደምትፈርም መደብሩ ውስጥ ተለጥፎ አይቼ ነበር። ፈረቃዬን ለወጥኩና ሄድኩ። ሰልፍ አለ። ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ መጽሐፉን መስኮቱ ላይ ገልጬ ፊቷ አስቀመጥኩት። አወቀችኝ፤ ተነሥታ ልታቅፈኝ ነበር።

«ወደዚህ ቤት ሄደሽ ታስተባብያለሽ» አልኳት። «ዛሬ። ታክሲ እኔ እከፍላለሁ። አሮጊቷ ዱላ የላትም ብለሽ ትናገሪያለሽ። አብራት ነው የጾመችው፤ አብራት!»

ፊቷ ቀላ። ወንበሩንና በሩን ባለመለወጧ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከልቧ መሰለኝ። ዱላውን ስጠይቃት ግን አንባቢ ጠላት ይፈልጋል አለች። «ሰው ምግብ የማይበላበት ታሪክ በሥዕል አይታይም። ምንም አይንቀሳቀስም።» አሮጊቷ አፏን ስትገጥም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አይንቀሳቀስም? ብዬ ጮኽኩ። ከኋላዬ ያሉት ስልካቸውን ማውጣት ጀመሩ።

«መስኮቱስ?» አልኳት። «የብረት ፍርግርግ ያለበትን መስኮት ከየት አመጣሽው?»

ከዚያ ከቦርሳዋ ያረጀ የንድፍ ደብተር አወጣችና ገለበጠች። የመናፈሻው ዛፍ አለ። የእህቴ እጆች አሉ። በሥራቸው በእንግሊዝኛ የጻፈችው አለ፤ በእርሳስ፣ እየሮጠ የተጻፈ። በመስኮት ልትወጣ አንሶላ ቋጥራ ነበር ይላል።

«አንቺ ነሽ የነገርሽኝ» አለች።

ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። ደብተሩን ከማየቴ በፊትም፣ መደብሩ ውስጥ ቆሜ ሳነብ ጀምሮ፣ ከንዴቴ ሥር አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። ያን ቀን መናፈሻው ውስጥ እህቴ ጾሙን ስትናገር እኔ በትክክል ተረጎምኩ፤ ሳይ የሠዓሊዋ እርሳስ ቆሟል። አይጽፍም። የእህቴ ታሪክ ያነሰባት መሰለኝ። ለእህቴ አፈርኩላት፤ ተናደድኩም። እና «በመስኮትም ልትወጣ አስባ ነበር፣ አንሶላ ሁሉ ቋጥራ ነበር» ብዬ ጨመርኩ። እርሳሱ መሮጥ ጀመረ። ደስ አለኝ። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ በእንግሊዝኛ የምለውን ሳትሰማ ፈገግ ትል ነበር። በኮሚክ የተማርኩት እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ሥራውን የሠራው በእሷ ላይ ነው። እነዚያን አሥራ አንድ ደራሲዎች ስረግም የኖርኩት ሴትዮ፣ አጋጣሚውን ባገኘሁበት በመጀመሪያው ቀን ያደረግኩት እነሱ የሚያደርጉትን ነው። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ዱላው የሠዓሊዋ ነው፤ ለዱላው እስከ ዛሬ አልማራትም። መጽሐፌን አንስቼ ወጣሁ።

ለእህቴ የነገርኳት በዚያው ምሽት ነው። እራት እየበላን ነበር። አንድም ነገር አላስቀረሁም፤ ምስክርነት አስመሰልኩት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የያዘችውን እንጀራ ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«አፈርሽብኝ?» አለች።

«በአንቺ አይደለም—»

«ጾሜ አሳፈረሽ?»

እኔን መምታት የሚችል ሌላ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። ቀጥላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሁድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

ሄድን። ሰማያዊውን በር ያን ቀን ነው በዓይኔ ያየሁት፤ ቀለሙ ከመጽሐፉ ይልቅ የደበዘዘ ነው። ኢንተርኮሙን እህቴ ተጫነችና ወደ እኔ ገፋችኝ። የማዳም ድምፅ መጣ። እኔም በዚያ በሰው ቤት አረብኛዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ለግድግዳው ተናገርኩ።

«ማዳም፣ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። መስኮቱ የእኔ ውሸት ነው። ዱላው የሠዓሊዋ ውሸት ነው። ይህች የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ እናትሽ አብራት እንደጾመች። በጉባኤ ፊት፣ በማይክ፣ እያለቀሰች እናትሽን ባርካታለች። ሙሽኪላው፣ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው።»

ከበሩ ውስጥ በቀቀኑ ብቻ ይንጫጫል። ሳወራ የነበረው ለባዶ ቤት መስሎኝ ነበር። እህቴ ቴምሩን በሁለት እጇ ይዛ በሩን ታያለች። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ማዳም ፀጉሯን እንደነገሩ ሸፍና፣ ያልተኛች ሴት ፊት ይዛ ቆማለች። እኔን አላየችኝም። ለእህቴ «ከትናንት ጀምሮ አልበላችም፤ ያላ፣ ግቢ» አለቻት። ልከተል እግሬን ሳነሣ በእጇ መዳፍ መለሰችኝ።

«አንቺ እዚያው።»

ተገቢ ነው። ግድግዳው ሥር ባለች ትንሽ ጥላ ቆምኩ። ተናደድኩ ደግሞ፤ በማዳም፣ በፀሐዩ፣ በራሴ፤ ንዴት ሥራ ሲፈታ ያገኘውን ይይዛል። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። እህቴ ስትወጣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል፤ ፀጉር አጥባለች ማለት ነው። ቴምሩ እጇ ላይ የለም። ዓይኗ ያበጠ ነው፤ ፊቷ ግን ከወር በፊት የነበረው ፊቷ ነው።

አጅማን የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱ ሲጋመስ አላስችል አለኝ።

«በላች?»

«በላች።»

«ስለ መጽሐፉስ? ስለ መስኮቱ ነገርሻት? ምን አለችሽ?»

ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ ጨው አቀብይኝ እንደምትለኝ ያለ ነበር።

«እሱን አልነግርሽም» አለችኝ። «ትጨምሪበታለሽ።»

ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። እስክንወርድ ድረስ የፊቴን ወንበር ሳይ ቆየሁ። እነዚያን ሁለት ሰዓታት እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ አልጻፍኩትም።